አበባው ለምን ይረግፋል? ፍሬውስ ከየት ይመጣል?

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ለጓሮ አትክልት አልሚዎች በአማርኛ የቀረበ ንግግር ነው። ተናጋሪው በአገር ቤት የሥነ ሕይወት መምህር የነበሩ የካምፑ ነዋሪ ናቸው። በዕለቱ ለመገኘት ያልቻሉ ብዙ ነዋሪዎች ስለጠየቁን ሙሉ ቃሉን አትመነዋል።)



ይህን የካኩማን ፀሐይ ችላችሁ፣ የውሃ ወረፋችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ዘርና ስለ ፍሬ አፈጣጠር ነው። ርእሱ የትምህርት ቤት ይመስላል። ነገር ግን ጉዳዩ የጓሯችንና የድስታችን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ንግግሬን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ከቤቴ ጀርባ፣ የመታጠቢያ ውሃ በሚፈስበት በኩል ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬ ዱባ ዘራሁ። ሐረጉ አማረ። አበባም አወጣ። በየማለዳው ቢጫ አበባ ይፈካል፤ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፤ በማግሥቱ ይረግፋል። እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት ሆነው። አንድም ዱባ አልያዘም። "አፈሩ ጨው ነው፤ ውሃውም አልተስማማውም" ብዬ ሁለቱን ሐረግ ነቅዬ ለፍየል ሰጠሁ። ሦስተኛውን ልነቅል ስል አንዲት ጎረቤቴ የነበሩ እናት አዩኝና፣ "ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አሉኝ። ነገርኋቸው። ጎንበስ ብለው አበባዎቹን አንድ በአንድ አዩና፣ "እነዚህ እኮ ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ ገና አልመጡም፤ ታገሥ" አሉኝ።

በሳምንቱ ሴቶቹ መጡ። ከዚያች ከአንዲቷ ሐረግ አራት ዱባ በላሁ። የነቀልኋቸው ሁለቱስ? እነሱም ይሰጡኝ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እኔ በአገሬ ለብዙ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አበባ እየሣልሁ፣ ይህ የወንዴው ክፍል ነው፣ ይህ የሴቴው ክፍል ነው እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ተማሪ ሲሳሳት ማርክ ስቀንስ ኖሬአለሁ። በገዛ ጓሮዬ ግን አበባውን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ የምለውን ነገር ነው። በአጭሩም እንዲህ ነው፦ ፍሬ ማለት ለዘር ሲባል የሚሠራ ቤት ነው። ዘሩ ካልተፀነሰ ቤቱ አይሠራም። ዘሩ ሳይበስል ቤቱን ካፈረስነው ደግሞ ለከርሞ የሚዘራ አናገኝም።

በአበባው ውስጥ ያለው

አበባ ያጌጠው ለእኛ ብሎ አይደለም። በውስጡ ሁለት ዓይነት የአካል ክፍል አለ። የወንዴው ክፍል በጫፉ ላይ ቢጫ ዱቄት ይይዛል። ይህ ዱቄት ብናኝ ይባላል፤ በጣት ብትነኩት ይያያዛል። የሴቴው ክፍል ከላይ የሚያጣብቅ ጫፍ፣ ከሥር ደግሞ ትንሽ ማኅፀን አለው። በዚህ ማኅፀን ውስጥ ጥቃቅን እንቁላሎች ተቀምጠዋል። ኋላ እያንዳንዱ እንቁላል ዘር ይሆናል፤ ማኅፀኑ ደግሞ ፍሬ ይሆናል።

ብዙ ተክል ሁለቱን ክፍሎች በአንድ አበባ ውስጥ ይይዛል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ባሚያ፣ ባቄላና ቡና እንዲህ ናቸው። ዱባ፣ ኪያርና ሐብሐብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴውን ለብቻ፣ ሴቴውን ለብቻ ያወጣሉ። ለመለየት ችግር የለውም። ወንዴው ቀጭንና ረጅም አንገት ላይ ይቆማል። ሴቴዋ አንገቷ አጭር ነው፤ ከአበባዋም ሥር አውራ ጣት የምታህል ትንሽ ዱባ ትታያለች። ወንዴዎቹ ቀድመው ይወጣሉ። ሙቀት ሲበረታና ፍግ ሲበዛም ወንዴው ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አበቦች መርገፋቸው በሽታ አይደለም፤ አፈሩም አልከዳችሁም።

ፓፓያ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። አንዱ ዛፍ ወንዴ ብቻ፣ ሌላው ሴቴ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም የያዘ ዛፍም አለ። አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርደው ወንዴው ነው። "ፓፓያዬ ሦስት ዓመት ሙሉ አበበ እንጂ አላፈራም" የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን ይመልከት። ሆኖም ወንዶቹን ሁሉ እንዳትቆርጡ። በሰፈሩ ውስጥ አንድ ሁለት ካልቀሩ ሴቶቹም ያለ ፍሬ ሊቀሩ ይችላሉ።

የአንድ ማለዳ ሥራ

ብናኙ ከወንዴው ተነሥቶ የሴቴው ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። ተክል እግር የለውምና ሌላ ተሸካሚ ይፈልጋል። የዱባ ብናኝ ከባድና የሚያጣብቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ንብ ያስፈልገዋል። የዱባ አበባ የሚከፈተው ደግሞ አንድ ማለዳ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይፈካል፤ ከረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት በኋላ ይዘጋል። በዚያች ጥቂት ሰዓት ውስጥ ንብ ካልመጣች ያቺ ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።

ዱባ በውስጡ በመቶ የሚቆጠር ዘር ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱም ዘር የየራሱን አንድ ብናኝ ይፈልጋል። ንቧ አንድ ጊዜ ብቻ ብትነካው ጥቂት ዘር ይፀነሳል፤ ፍሬው አንድ ወገኑ አብጦ ሌላው ወገኑ ቀጭጮ ይቀራል። ጠማማ ኪያር ስታዩ፣ ውሃ ሳይጠማው ጠማማ የሆነ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ንብ ካነሰች የንቧን ሥራ እኛ ልንሠራ እንችላለን። በማለዳ ዛሬ የፈካ ወንዴ አበባ ቅጠፉ። ቢጫዎቹን የአበባ ቅጠሎች ልጣችሁ አውጡ። የቀረውን ብናኝ ያለበትን ዘንግ በፈካችው ሴቴ አበባ ውስጥ፣ በመካከል ባለው ጫፍ ላይ ሁሉንም ጎን ቀስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ወንዴ ለሁለትና ለሦስት ሴቴ ይበቃል። ይህ ውሃ አይጠይቅም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማለዳ መነሣት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ አደራ አለኝ። የተባይ መድኃኒት የምትረጩ ሰዎች፣ አበባው በተከፈተበት ማለዳ አትርጩ። ንቦቹን ትጨርሳላችሁ፤ የእናንተም የጎረቤታችሁም ዱባ አብሮ ይቀራል። የግድ ከሆነ ሲመሽ ይሁን።

ቲማቲም ንብ እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ ብናኙ እዚያው አበባው ውስጥ ይወርዳል። ሆኖም መነቅነቅ ያስፈልገዋል። ነፋስ በሌለበት ጥግ የተከላችሁ በማለዳ ግንዱን በጣት መታ መታ አድርጉት። የቲማቲም ዋና ጠላት እዚህ ሙቀቱ ነው። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍና ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር ብናኙ ይመክናል፤ አበባውም እንዳማረበት ይረግፋል። በቀትር ጥላ የሚሆነው ነገር፣ አሮጌ ጆንያም ቢሆን፣ ቢዘረጋለት ብዙ ይረዳዋል።

በቆሎ ተሸካሚው ነፋስ ነው። አናቱ ላይ ያለው ዘለላ ወንዴው ነው። ከጎን ያለው ራስ ሴቴው ነው። ከራሱ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጸጉር ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ጸጉር ለአንድ ፍሬ ነው። ብናኝ ያልደረሰው ጸጉር ፍሬው አይሞላም። እሸት ስትላጡ ጥርሱ እንደ ወላቀ ሰው ቆረቆንዳው እዚህም እዚያም ባዶ ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው። እንግዲህ በቆሎን በአጥር ዙሪያ በአንድ መስመር ከመትከል ይልቅ፣ አሥርም ቢሆን ሃያ፣ ሰብሰብ አድርጎ በአራት ማዕዘን መትከል ይሻላል። ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ብናኙ እርስ በርስ ይደርሳል።

ውሃን በተመለከተ ደግሞ፣ ሁላችንም የምንቆጥበው በጄሪካን ነው። ተክል በሕይወቱ ሁሉ እኩል አይጠማም። በቆሎም ባቄላም ቲማቲምም ጥማት እጅግ የሚጎዳቸው በአበባና በፍሬ መያዣ ጊዜያቸው ነው። በልጅነቱ ስታጠጡት ከርማችሁ ሲያብብ "እንግዲህ ራሱን ችሏል" ብላችሁ ውሃ ብትነሡት ድካማችሁ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይጠፋል። የሚቆጠብ ውሃ ካለ ለዚያ ጊዜ ይቆጠብ።

ከብናኙ እስከ ዘሩ

ብናኙ ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ በዓይን የማይታይ ሥራ ይጀመራል። ብናኙ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ያበቅላል። ቱቦው በሴቴው አካል ውስጥ ቁልቁል እየወረደ እንቁላሉ ዘንድ ይደርሳል። በበቆሎ ላይ ይህ መንገድ የጸጉሩ ርዝመት ሁሉ ነው፤ አንድ ቀን ያህልም ይፈጃል።

ቱቦው ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ይዞ ይመጣል። አንዱ ከእንቁላሉ ሕዋስ ጋር ሲዋሐድ ሽል ይሆናል። ሽል ማለት የነገው ተክል ነው፤ ሥሩና ቡቃያው ገና በትንሹ ያሉበት። ሁለተኛው ደግሞ በአጠገቡ ካለ ሌላ ሕዋስ ጋር ሲዋሐድ የሽሉ ስንቅ ይሆናል። ይህን ድርብ ጽንሰት እ.ኤ.አ. በ1898 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠው ሰርጌይ ናዋሺን የተባለ የሩሲያ ተመራማሪ ነው። በዓመቱም ሌዎን ጊኛር የተባለ ፈረንሳዊ ራሱን ችሎ ይህንኑ አገኘ። እናት ተክል ስንቁን በከንቱ አትቋጥርም፤ ስንቁ የሚጀምረው ከጽንሱ ጋር አንድ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ማጉያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማድ ቤት ይበቃል። ባቄላ ነክራችሁ በቆልት ስታደርጉ አንዱን ላጡና ለሁለት ክፈሉት። ሁለቱ ትልልቅ ክኮች የሽሉ ስንቅ የተከማቸባቸው ናቸው። በአንዱ ጥግ የተጣበቀችው ትንሽ ጫፍ ቡቃያውና ሥሩ ናት። ከራሽን የምናገኘው የአተር ክክ ቢዘራ የማይበቅለውም ለዚህ ነው። ሲከካ ሽሉ ወድቋል፤ የቀረው ስንቁ ብቻ ነው። ባለቤቱ የሌለበት ስንቅ ለወጥ እንጂ ለዘር አይሆንም። በአገር ቤት ለጠላ ብቅል ሲበቀልም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሽሉ ሲነቃ ስንቁን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ብቅል የሚጣፍጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቡና ስትለቅሙ ደግሞ አንድ ነገር ተመልከቱ። የቡና እሸት በውስጡ ሁለት ዘር ይይዛል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተደጋግፈው ስለሚያድጉ አንድ ወገናቸው ጠፍጣፋ ነው። አንዳንዴ ግን ሁለንተናው ድቡልቡል የሆነ ቡና ታገኛላችሁ። ያ ከሁለቱ እንቁላሎች አንዱ ስላልተሳካ ብቻውን ቦታውን ሁሉ ይዞ ያደገ ነው። ፈልቶ የምንጠጣውም ቡና ያ ስንቅ ነው፤ እናት ተክል ለልጇ የቋጠረችው።

ቤቱን የሚያሠራው ዘሩ ነው

ዘሩ ሲፀነስ ለእናቱ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ሆርሞን በሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚተላለፍ ነው፤ "ተፀንሻለሁ፤ ቤቴን ሥሪ" እንደ ማለት ነው። ማኅፀኑ ማበጥ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዣን ፒየር ኒች የተባለ ተመራማሪ ይህን በእንጆሪ ላይ አሳይቷል። በእንጆሪው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ዘሮች ሲያነሣ እንጆሪው ማደጉን አቆመ፤ ጥቂቶቹን ሲተው እነሱ ባሉበት በኩል ብቻ አበጠ፤ በዘሮቹ ፋንታ ሆርሞን ሲቀባው እንደገና አደገ። ሙዝ ያለ ዘር ስለሚያፈራ ከዚህ ልማድ የወጣ ነው፤ ስለዚህም የምንተክለው ዘሩን ሳይሆን ከግንዱ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ ነው።

ከዚህ አንድ ብዙ ጊዜ የሚያከራክረን ነገር ይፈታል። "ዱባዬ ከጎረቤቴ ቅል ጋር ተዳቅሎ መረረኝ" የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ቅልና ዱባ አይዳቀሉም። ሁለተኛም የዱባው ሥጋ የእናቲቱ አካል ነው፤ አባቱ ማንም ቢሆን የዘንድሮው ዱባ ጣዕም አይለወጥም። አባቱ የሚገኘው በዘሩ ውስጥ ነው፤ የሚታየውም ለከርሞ ነው። ስለዚህ ዱባው ከመረረ የተዘራው ዘር ቀድሞውኑ ሌላ ዓይነት ዱባ ገብቶበት ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው፣ ሲቀመስ እንደ ሬት የሚመር ዱባ አትብሉ። መቀቀል መራራውን አያጠፋውም፤ ሆድንም በብርቱ ያሳምማል። ከዚያ ዱባ ዘርም አታስቀሩ።

በቆሎ ግን የአባቱን መልክ በዚያው ዓመት ያሳያል። ነጭ በቆሎ ዘርታችሁ በመካከሉ ቢጫ ፍሬዎች ካገኛችሁ፣ ከአጠገቡ የቢጫ በቆሎ ብናኝ መጥቷል። ፍሬውን ነጭ ወይም ቢጫ የሚያደርገው ስንቁ ነውና፣ ስንቁም በድርብ ጽንሰት ከአባትም ድርሻ ስላለው ነው።

የሚበላና የሚዘራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ለመብላት የደረሰ ፍሬ ሁሉ ለዘር የደረሰ አይደለም። ብዙዎቻችን የምንከስረው እዚህ ላይ ነው።

ቃሪያ የበርበሬ ልጅነት ነው። አረንጓዴ ቃሪያ ስንበላ በውስጡ ያለው ዘር ገና አልበሰለም። ዘር የሚሆነው ቀልቶ ዛፉ ላይ የበረበረው ነው። ባሚያ የሚቆረጠው አበባው ከረገፈ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ለጋ ሆኖ ነው፤ ዘሩ ግን ዛፉ ላይ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ ቅርፊቱ ደርቆ መሰንጠቅ ሲጀምር ነው የሚለቀመው። ኪያር አረንጓዴ እያለ ይበላል፤ ለዘር ግን ወፍሮ ቢጫ እስኪሆን ይተዋል። ጎመንም ከአበባው በኋላ የሚያወጣቸው ቀጫጭን ከረጢቶች ሲደርቁ ነው። ቲማቲምና ዱባ የሚበሉበትና የሚዘሩበት ጊዜ ይቀራረባል፤ ሁለቱም በደንብ ሲበስሉ ነው። ዱባውን ከቆረጣችሁ በኋላ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ ብታቆዩት ዘሩ ይበልጥ ይሞላል።

ሁለተኛው ስሕተታችን ምርጡን በልተን የተረፈውን ለዘር ማስቀረታችን ነው። ልጅ አባቱን ይመስላል እንላለን። ታዲያ ከደካማው ተክል የተረፈውን የመጨረሻ ፍሬ ለዘር ካስቀረን የከርሞው ጓሯችን ማንን ይመስላል? ሙቀቱን ከቻለው፣ ቀድሞ ካፈራው፣ በሽታ ካልነካው ተክል ላይ ገና ሳይበላ ፍሬ ምረጡ። ክር እሰሩበት። ለልጆችም "ይህ አይነካም" በሏቸው። አውቃለሁ፤ ድስት ባዶ በሆነበት ቀን ይህ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የምግብ እርዳታው በብዙ ሲቀነስ ክር የታሰረበትን በርበሬ ቆርጬ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ማንንም ልገሥጽ አልነሣም። በማግሥቱ ዓመት ግን ዘር የምለምነው እኔ ነበርሁ።

ስለ ፓኬት ዘር ብዙ ወሬ አለ። "የፓኬት ዘር መካን ነው፤ ሁለተኛ አይበቅልም" ይባላል። እውነቱ ይህ ነው። ፓኬቱ ላይ "ኤፍ 1" የሚል ከተጻፈ ዘሩ ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ ነው። ከፍሬው የምታስቀሩት ዘር ብዙውን ጊዜ ይበቅላል፤ ነገር ግን ልጆቹ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንዱ ጥሩ፣ አንዱ ደካማ፣ አንዱ ሌላ ይሆናል። ያ ጽሑፍ ከሌለበት፣ እንደ ቲማቲም በራሱ ብናኝ ከሚፀንስ ተክል የምታስቀሩት ዘር ግን እናቱን ይመስላል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ደግሞ መድኃኒት የተለወሰ ነውና ለምግብ አይሁን፤ ለዶሮም አይበተን።

ዘሩ በሕይወት እንዲቆይ

ዘር የሞተ ነገር አይደለም። ሽሉ ተኝቶ በጣም በዝግታ ይተነፍሳል፤ ስንቁንም በጥቂት በጥቂቱ ይበላል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ስንቁን ቶሎ ይጨርስና ሳይነቃ ይሞታል። የዘር ባለሙያዎች አንድ ግምት አላቸው፦ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል።

እኔ ይህን ሳላስብ በሁለተኛው ዓመት የዱባ ዘር ገና ሳይደርቅ በላስቲክ ቋጥሬ ከቆርቆሮ ክዳኑ ሥር ሰቀልሁት። ያ ቦታ ቀን ቀን ምድጃ ነው። ከሠላሳው ዘር አንድም አልበቀለም። እናንተ ግን እንዲህ አድርጉ፦

የዱባና የኪያር ዘር ታጥቦ ጥላ ውስጥ ነፋስ እያገኘው ይድረቅ። የደረቀ የዱባ ዘር በጣት ሲታጠፍ ይሰበራል እንጂ አይለመጥም። የቲማቲም ዘር የሚያንሸራትት ልባስ ስላለው፣ ከነጭማቂው በኩባያ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆይና ይታጠብ፤ ያ ልባስ ዘሩን ከመብቀል የሚከለክል ነው። ባቄላ በጥርስ ሲነከስ ምልክት የማይዝ እስኪሆን ይድረቅ። ከዚያ ደረቅ ንጹሕ አመድ ጨምራችሁ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ አድርጋችሁ፣ ከቤቱ ውስጥ ከወለሉ አጠገብ ቀዝቀዝ ባለው ጥግ አስቀምጡት። አመዱ ነቀዝ ይከላከላል። የዘሩን ስምና የተለቀመበትን ወር መጻፍ አትርሱ። ከመዝራታችሁ በፊት አሥር ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አንድ ሳምንት አቆዩ። ስምንት ከበቀለ መልካም ነው፤ ሦስት ብቻ ከበቀለ አብዝታችሁ ዝሩ፤ ምንም ካልበቀለ ውሃችሁን አታባክኑ።

ለምን ይህን ሁሉ?

አንድ ሰው "እኛ እዚህ የምንኖረው ለጊዜው ነው፤ ዘር ማስቀረት ለባለ መሬት ነው" ብሎኝ ያውቃል። ሐሳቡ ይገባኛል። ብዙዎቻችን ግን "ለጊዜው" እያልን ልጅ አሳድገናል።

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በደረሰው ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እስከ መብላት ደርሶ ነበር። ዝናቡ ሲመለስ ችግሩ አላለቀም፤ የሚዘራ አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ማዕከል ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ የአገሪቱን የሰብል ዘር በመጠበቅ ላደረጉት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እሳቸው አጥብቀው ያስተምሩት የነበረው ዘር በማዕከል ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በየዓመቱ እየተዘራ መጠበቅ እንዳለበት ነው። በእርግጥም ብዙውን ዘር ጠብቀው ያቆዩልን በቅልና በጋን ያስቀመጡ እናቶቻችን ናቸው። እኛም እዚህ ያለችን ማሰሮ ትንሽ ብትሆንም ሥራው ያው ነው።

"ወንዶቹ ናቸው፤ ታገሥ" ያሉኝ እናት ዛሬ ከእኛ ጋር የሉም። ልጃቸው ወዳለበት አገር ሄደዋል። ለመሄድ ሲሰናዱ ዘር ይዞ አውሮፕላን መሳፈር እንደማይፈቀድ ነገሯቸው። በመጨረሻው ማታ በነጠላ ጫፍ የቋጠሩትን የዱባ ዘር አምጥተው፣ "አንተ ነቃይ ነህ፤ ግን ካንተ የሚቀርብ የለኝም" ብለው ሰጡኝ። ዛሬ በጓሮዬ ያለው ዱባ የዚያ ዘር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁና ልጨርስ። የመጀመሪያው፣ ነገ ማለዳ ወደ ቦኖ ከመሄዳችሁ በፊት ጓሯችሁ ገብታችሁ አንድ አበባ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ወንዴ ነው ወይስ ሴቴ? ንብ አለበት? ሳታዩ አንድም ተክል አትንቀሉ።

ሁለተኛው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ቆርቆሮ በዚያ የዱባ ዘር የተሞላ ነው። ባለፈው ሳምንት በጨርቅ ሞክሬዋለሁ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ በቅሏል። ለእያንዳንዱ ቤት አምስት አምስት ዘር እሰጣለሁ። ዋጋው ገንዘብ አይደለም። ስታፈሩ አሥር ዘር ለማያውቃችሁ አንድ ጎረቤት ትሰጣላችሁ፤ ሐበሻም ይሁን ሱዳናዊ፣ ቱርካናም ይሁን ኮንጎአዊ። ከመካከላችን የሚሄድ ቢኖር፣ በሚሄድበት ቀን ዘሩ ከእሱ ጋር አይጠፋም።

 ዘር የሚፈልግ በሰልፍ ይምጣ፤ እናቶች ይቅደሙ።